የሊቤትን ሰዓት በራስ ላፕቶፕ መሥራት፦ የነጻ ፈቃዱ ሙከራ ከነወጥመዶቹ

ስለ ነጻ ፈቃድ በሚነሣ ክርክር ውስጥ ብዙ ሳይቆይ አንድ ሰው «አንጎልህ እኮ አንተ ሳታውቅ ቀድሞ ወስኗል፣ በሳይንስ ተረጋግጧል» ማለቱ አይቀርም። የዚህ አባባል ምንጭ በአብዛኛው የአንጎል ተመራማሪው ቤንጃሚን ሊቤትና ባልደረቦቹ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሠርተው በ1983 ያሳተሙት ሙከራ ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ተሳታፊዎቹ ባሰኛቸው ቅጽበት እጃቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ተነገራቸው። አናታቸው ላይ የተለካው የኤሌክትሪክ ሞገድ ከእንቅስቃሴው 550 ሚሊሰከንድ ያህል ቀድሞ መነሣት ጀመረ። ሰዎቹ ግን «ላንቀሳቅስ ነው» የሚለው ፍላጎት የተሰማቸው ከእንቅስቃሴው 200 ሚሊሰከንድ ያህል ቀደም ብሎ እንደሆነ ተናገሩ። ክርክሩ ሁሉ የሚሽከረከረው በመካከል ባለው 350 ሚሊሰከንድ ላይ ነው።

ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱ፣ 200 የሚለው፣ መሣሪያ የለካው አይደለም። ሰው ሰዓት አይቶ የተናገረው ነው። ይህን ቁጥር ላፕቶፕ ያለው ተማሪ ወይም የውይይት ቡድን በግማሽ ቀን ራሱ ሊያገኘው ይችላል፤ ከቁጥሩም ይልቅ ቁጥሩ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚንሸራተት ማየቱ ይጠቅማል። ቀጥሎ ያለው አሠራር ከሰዓቱ ተነሥቶ እስከ አንጎል ሞገዱ ይሄዳል። የአንጎል ሞገድ መለኪያ የሌለው ሰው ያንን ክፍል ዘሎ በተራ የሒሳብ ሠንጠረዥ (እንደ ኤክሴል ባለ) የሚሠራውን ቢሞክር የሚያጣው ብዙ አይደለም።

ዕቃው

ላፕቶፕ፣ ባለ ሽቦ የጆሮ ማዳመጫ፣ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ለአንድ ተሳታፊ አንድ ሰዓት ተኩል። ብሉቱዝ ማዳመጫ አይሆንም፤ ድምፁን ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ሊያዘገየው ይችላል፣ እኛ የምንፈልገው ልዩነት ደግሞ ከዚያ ያነሰ ነው። ስልክም አይመከርም፤ የንክኪ ስክሪን መዘግየት ከአንዱ ንክኪ ወደ ሌላው ይለዋወጣል። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለሚችል ሰው ሳይኮፓይ የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ለዚህ ዓይነት ሥራ የተዘጋጀ ነው። በብሮውዘር ከማስኬድ ኮምፒውተሩ ላይ ጭኖ ማስኬድ ይሻላል፣ የጊዜ አያያዙ ጠንከር ይላል። በሚሠራበት ጊዜ ኢንተርኔቱንና ሌሎች ፕሮግራሞችን ዝጉ።

ለመማር አንድ ተሳታፊ ይበቃል። «እንዲህ አገኘን» ብሎ ለሌላ ለመናገር ግን ከ10 በታች ባይሆን ጥሩ ነው፤ ምክንያቱ ወደ ታች በሒሳብ ይታያል።

ሰዓቱን መሥራት

ተሳታፊው ከስክሪኑ 60 ሴንቲሜትር ርቆ ይቀመጥ። ስክሪኑ መሐል ላይ ስፋቱ 3 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ ክብ ይሣል፤ በክቡ መካከል ዓይን የሚያርፍበት ቋሚ ነጥብ ይኑር። ክቡ ከዚህ ብዙ ከሰፋ ዓይን ነጥቡን ተከትሎ መሮጥ ይጀምራል። ዙሪያውን 60 ጭረቶች ይኑሩት፤ በየአምስቱ 5፣ 10፣ 15 እያለ እስከ 60 ቁጥር ይጻፍበት። ከ1 እስከ 12 አትጻፉ። በኢትዮጵያ የሰዓት አቆጣጠር ያደገ ሰው አጭሩ ቀስት 12 ላይ ሲሆን «ስድስት» ማለት ስለለመደ በጥድፊያ ሲጠየቅ ግማሽ ዙር ሊስት ይችላል። የደቂቃ ቁጥር ግን ለሁሉም አንድ ነው።

በክቡ ጠርዝ ላይ ትንሽ ነጥብ ትዞራለች። የሊቤት ነጥብ አንድ ዙር የምትጨርሰው በ2.56 ሰከንድ ነበር፤ እናንተም ይህንኑ ያዙ፣ ቁጥራችሁን ከሌሎች ጋር ለማነጻጸር ይመቻል። እንግዲህ አንዱ ጭረት 42.7 ሚሊሰከንድ፣ አንዱ ዲግሪ 7.1 ሚሊሰከንድ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ጀማሪ ፕሮግራም ጸሐፊ የሚሠራው የታወቀ ስህተት አለ። አብዛኛው ስክሪን በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል፣ ማለትም በየ16.7 ሚሊሰከንዱ። 2.56 ሰከንድ ለዚህ ሲካፈል 153.6 ይመጣል፤ ሙሉ ቁጥር አይደለም። ነጥቡን በየእድሳቱ እኩል እርምጃ የሚያስኬድ ፕሮግራም ወይ ዙሩን ያዛባል፣ ወይም ኮምፒውተሩ አንድ እድሳት ባመለጠው ቁጥር ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ በእያንዳንዱ እድሳት ከመነሻው ስንት ሚሊሰከንድ እንዳለፈ ጠይቃችሁ የነጥቡን ቦታ ከዚያ አስሉ። መነሻ ቦታዋም በየሙከራው በዕጣ ይለዋወጥ።

ተሳታፊው ቁልፉን ሲጫን ነጥቧ መቆም የለባትም። ከ1 እስከ 2 ሰከንድ በዕጣ ለሚወሰን ጊዜ ዞራ ትጥፋ። የምትቆም ከሆነ መልሱን በእጁ ሰጣችሁት ማለት ነው፤ የቆመችበትን አይቶ ትንሽ ቀነስ አድርጎ ይነግራችኋል፣ እናንተም ግምቱን እንደ ግኝት ትመዘግባላችሁ። ነጥቧ ከጠፋች በኋላ ባዶው ክብ ላይ ቀስት ይምጣ፤ ተሳታፊው በማውስ አዙሮ «እዚህ ጋ ነበረች» ይበል። የቀስቱ መነሻ ቦታም በዕጣ ይሁን።

ለተሳታፊው የሚነበበው

መመሪያውን በወረቀት ጽፋችሁ ለሁሉም በአንድ ቃል አንብቡት። አንዱን «መቼ ወሰንክ»፣ ሌላውን «መቼ አሰኘህ» ብላችሁ ከጠየቃችሁ የለካችሁት ሁለት ነገር ነው። የሚከተለው ይበቃል፦

«ዓይንዎን መሐል ላይ ያለው ነጥብ ላይ ያሳርፉ፤ የምትዞረውን ነጥብ በዓይንዎ አይከተሏት። አንድ ሙሉ ዙር እስክትጨርስ ይጠብቁ። ከዚያ በኋላ ባሰኘዎት ጊዜ ቁልፉን በፍጥነት ይጫኑ። መቼ እንደሚጫኑ አስቀድመው አያቅዱ፤ የሰዓቱንም ቦታ አይምረጡ። ብዙ ዙር ቢያልፍም ችግር የለውም።»

ሦስት ዓይነት ሙከራ አለ፤ እያንዳንዱ 40 ጊዜ ይደጋገማል፤ ከሁሉም በፊት 10 መለማመጃ ይኑር። የመጀመሪያው «ፍላጎት» ነው፤ ጥያቄው «ልጫን የሚለው ፍላጎት መጀመሪያ ሲሰማዎት ነጥቧ የት ነበረች?» የሚል ነው። ሁለተኛው «መጫን»፤ «ቁልፉን ሲጫኑ የት ነበረች?»። ሦስተኛው «ድምፅ»፤ ተሳታፊው ምንም አይጫንም፤ ከ3 እስከ 8 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ በዕጣ አጭር ጢጥ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ሲሰማ ነጥቧ የት እንደነበረች ይናገራል። ግማሾቹ ተሳታፊዎች በ«ፍላጎት»፣ ግማሾቹ በ«መጫን» ይጀምሩ፤ የቀደመው ጥያቄ የኋለኛውን መልስ ይጎትተዋል። በየ20 ሙከራው ሁለት ደቂቃ ዕረፍት ስጡ። የደከመ ሰው ፈቃዱን አይጠቀምም፣ ምት ይዞ ይደበድባል።

በ«ፍላጎት» ላይ አንድ አማራጭ ጨምሩ፦ «ምንም አልተሰማኝም፣ ዝም ብዬ ተጫንኩ»። ይህን ቁልፍ የማይሰጥ ሙከራ ተሳታፊውን ያልተሰማውን ነገር ሰዓት እንዲፈጥር ያስገድደዋል። ስንት ጊዜ እንደተመረጠ ቁጠሩ። ከአርባው አሥራ አምስቱ «አልተሰማኝም» ከሆነ፣ ከየትኛውም አማካይ በፊት መነገር ያለበት እሱ ነው።

ሒሳቡ

ለእያንዳንዱ ሙከራ ተሳታፊው ካመለከተው ቦታ ላይ ቁልፉ በተጫነበት (በ«ድምፅ» ሙከራ ድምፁ በተሰማበት) ጊዜ ነጥቧ የነበረችበትን ቦታ ቀንሱ፤ ወደ ሚሊሰከንድ ለውጡ። የመቀነስ ምልክት «ቀድሞ» ማለት ነው። ሰዓት ክብ ስለሆነ ግን ወጥመድ አለ። ተሳታፊው 58ን አመልክቶ ቁልፉ 3 ላይ ቢጫን፣ በቀጥታ ሲቀነስ 55 ጭረት፣ ማለትም 2347 ሚሊሰከንድ «ዘግይቶ» ይመጣል። እውነቱ አምስት ጭረት ቀድሞ ነው። ደንቡ አጭር ነው፦ ውጤቱ ከ1280 ከበለጠ 2560 ቀንሱለት፣ ከመቀነስ 1280 በታች ከወረደ 2560 ጨምሩለት። 2347 ሲቀነስ 2560፣ መቀነስ 213 ይሆናል።

የትኞቹ ሙከራዎች እንደሚጣሉ መረጃውን ከማየታችሁ በፊት ጻፉ። የመጀመሪያው ዙር ሳያልቅ የተጫነ ይጣላል፤ ልዩነቱ ከ1000 ሚሊሰከንድ ያለፈም ይጣላል። ከዚያ ውጭ ምንም አትጣሉ። ከአማካይ ይልቅ መካከለኛውን እሴት ተጠቀሙ፤ አንድ የዘነጋ መልስ አማካዩን ይወስደዋል፣ መካከለኛውን ግን እምብዛም አይነካውም። የመልሶቹንም ስርጭት፣ ማለትም መደበኛ ልይይቱን፣ አስሉ።

በሊቤት ሙከራ «ፍላጎት» በአማካይ መቀነስ 200 ገደማ፣ «መጫን» (እሱ ዘንድ የእጅ እንቅስቃሴው) መቀነስ 86 ገደማ፣ ቆዳ ላይ የሚሰጥ ትንሽ ንክኪን ጊዜ መናገር ደግሞ መቀነስ 50 ገደማ ነበር። የእናንተ ቁጥር ከዚህ ቢርቅ አትደንግጡ፤ ከሰው ሰው ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። ይልቅ ሁለተኛው ቁጥር ላይ ቆም በሉ። ሰዎች እጃቸው ሳይንቀሳቀስ 86 ሚሊሰከንድ ቀድመው «ተንቀሳቀሰ» አሉ። ይህ ሊሆን የማይችል ነገር ነው፤ የአነጋገሩ ስህተት ነው። በውጭ የሚታይና የሚዳሰስ ነገር ሲጠየቁ ይህን ያህል የሚስቱ ሰዎች፣ ከውስጥ ብቻ የሚታወቅን ነገር ሲጠየቁ ምን ያህል እንደሚስቱ የምንለካበት ምንም መለኪያ የለንም። የሙከራው ትልቁ ድክመት ይኸው ነው፣ ከሰዓቱ ጥራት ጋርም አይገናኝም።

ስለዚህ ስትጽፉ «ፍላጎት» ሲቀነስ «መጫን» የሚለውን ልዩነት አስቀድሙ። ሌላም ጥቅም አለው። የተለመደ የኮምፒውተር ቁልፍ ሰሌዳ መጫኑን ከ10 እስከ 30 ሚሊሰከንድ አዘግይቶ ሊያሳውቅ ይችላል፤ ስክሪኑም ነጥቧን ትንሽ አዘግይቶ ያሳያል። ሁለቱም መልሱን የበለጠ «ቀድሞ» ያስመስሉታል። ነገር ግን በሁለቱም ዓይነት ሙከራ ላይ እኩል ስለሚገቡ ሲቀናነሱ ይጠፋሉ። በሺህ ብር የሚቆጠር ልዩ ቁልፍ ከመግዛት መቀናነስ ይረክሳል።

መልሶቹ የተጠጋጉ መሆናቸውንም ፈትሹ። በማውስ ሳይሆን በቃል የሚመልስ ሰው 5፣ 10፣ 15 ማለት ይወዳል። ከ60 ጭረት የአምስት ብዜት የሆኑት 12 ናቸው፤ ስለዚህ ከመልሶቹ አንድ አምስተኛው ብቻ እነሱ ላይ ማረፍ ነበረባቸው። ግማሹ ካረፈ ተሳታፊው እየገመተ ነው።

ቁጥሩን መጎተት

አሁን ቁልፉ ከተጫነ በኋላ አጭር ድምፅ ጨምሩ። ዊልያም ባንክስና ኢቭ አይሻም በ2009 ያሳተሙት ሥራ ይህ ነው፤ ድምፁ ከመጫኑ ከ5 እስከ 60 ሚሊሰከንድ እየዘገየ ሲመጣ ሰዎች «ፍላጎቱ የተሰማኝ» የሚሉበት ጊዜም አብሮ እየዘገየ ሄደ። ከድርጊቱ በፊት ተፈጸመ የሚባል ነገር፣ ከድርጊቱ በኋላ በመጣ ድምፅ ሲንቀሳቀስ ማየት ነው ጉዳዩ።

ሁለት ዓይነት አድርጉት፦ ድምፁ በ20 ወይም በ60 ሚሊሰከንድ፣ እየተቀላቀለ በዕጣ፣ ለእያንዳንዱ 40። ኮምፒውተራችሁ ድምፅን በራሱ ሊያዘገይ ይችላል፤ መዘግየቱ ቋሚ ከሆነ ግን በሁለቱ መካከል ያለው 40 ሚሊሰከንድ አይነካም። የምትመዝኑት እሱን ነው።

ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ የሚታወቀው እዚህ ነው። የአንድ ሰው መልሶች መደበኛ ልይይት 100 ሚሊሰከንድ ቢሆን፣ ለ40 ሙከራ 100 ለ6.3 ሲካፈል የስህተቱ መጠን 16 ገደማ ነው። የሁለት አማካዮች ልዩነት ስህተት 22 ይሆናል። የምትፈልጉት ለውጥ ደግሞ ቢበዛ 40 ነው። በአንድ ሰው ይህ ሊታይም ላይታይም ይችላል። በ12 ሰው ስህተቱ ወደ 6 ወይም 7 ይወርዳል፤ የሰዎቹ የእርስ በርስ ልዩነት ሲጨመርበት ትንሽ ከፍ ይላል፣ ሆኖም መናገር ይቻላል። በሦስት ጓደኛ ሠርቶ «አልተደገመም» ብሎ መጻፍ ግን ውሃ አያነሣም።

የአንጎል ሞገዱ

ሊቤት አናት ላይ የለካውን፣ የዝግጁነት ሞገድ የሚባለውን መጀመሪያ ያገኙት ሃንስ ኮርንሁበርና ሉደር ዴከ ናቸው፤ ጀርመን ፍራይቡርግ ውስጥ በ1964 ሠርተው በቀጣዩ ዓመት አሳተሙት። የኢኢጂ (የአንጎል ሞገድ መለኪያ) መሣሪያ ያለው ዩኒቨርሲቲ ወይም ቡድን ይህን ክፍል መሥራት ይችላል። ከሁሉ በፊት ደኅንነት፦ በባትሪ የሚሠራ፣ ለሰው አካል ተፈትሾ የተሸጠ መሣሪያ ብቻ። ከግድግዳ ሶኬት ጋር የተያያዘ ቤት ሠራሽ ማጉያ ሰው ላይ አይለጠፍም። ላፕቶፑም ከቻርጀር ይነቀል፤ ለደኅንነትም ነው፣ የኢትዮጵያ፣ የእስራኤልና የአውሮፓ መስመር የሚረጨው የ50 ኸርዝ ጩኸት እንዲቀንስም ነው። አሜሪካ ያለ ሰው 60 ኸርዝ ብሎ ያንብበው።

ዋናው ኤሌክትሮድ፣ ማለትም ቆዳ ላይ የሚለጠፈው የምልክት መቀበያ፣ የሚቀመጠው መሐል አናት ላይ ነው። በሜትር ከአፍንጫ ግንድ ስርጉድ እስከ ማጅራት በላይ ያለው የአጥንት ጉብታ ለኩ፤ 36 ሴንቲሜትር ቢሆን 18ኛው ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ከአንዱ ጆሮ ፊት እስከ ሌላው ጆሮ ፊት በአናት በኩል ለኩና ግማሹን ያዙ። ሁለቱ የሚገናኙበት ነው ቦታው። ማመሳከሪያዎቹ ከሁለቱ ጆሮዎች ኋላ ያለው አጥንት ላይ፣ መሬት የሚባለው ግንባር ላይ፣ ሁለት ዓይን አጠገብ፣ ሁለት ደግሞ ጣት የሚያንቀሳቅሰው የክንድ ጡንቻ ላይ።

ጸጉር ከባድ ፈተና ነው። የገበያ ኮፍያዎች የተሠሩት ለቀጥተኛና ለስላሳ ጸጉር ነው። ጥቅጥቅ ያለ፣ የተጠቀለለ ጸጉር ኤሌክትሮዱን ከራስ ቆዳ ያርቀዋል፣ ምልክቱም ይበላሻል። ተሳታፊውን ጸጉሩን እንዲላጭ መጠየቅ ወይም ከነጭራሹ መተው የተለመደ መጥፎ ልማድ ነው። አሜሪካ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በ2020 ያሳዩት መፍትሔ እኛ ዘንድ ሹሩባ የሚባለው ነው፤ የሹሩባው መስመሮች ኤሌክትሮድ በሚያርፍባቸው ቦታዎች መካከል እንዲያልፉ ተደርጎ ይሠራል፣ ኤሌክትሮዱ በተከፈለው ቆዳ ላይ ያርፋል። ለዚህ ሙከራ መሐል አናት ላይ የሚያልፍ አንድ ክፍል ይበቃል። ከሙከራው ቀን በፊት ንገሯቸው፤ ቅባትና ቅቤም በዚያን ቀን አይቀቡ። የንክኪው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ከ10 ኪሎ ኦም በታች እስኪወርድ ቆዳውን በጥጥና በጄል አጽዱ።

ሞገዱ ጥቂት ማይክሮቮልት ነው፤ የአንጎል ተራ ጩኸት አሥርታት ማይክሮቮልት ነው። ስለዚህ በአንድ ሙከራ አይታይም። አርባ ሙከራ እንቅስቃሴው የጀመረበት ቅጽበት ላይ አገጣጥሞ አማካይ ሲወሰድ ጩኸቱ በ6.3 እጥፍ ይቀንሳል፣ ሞገዱም ብቅ ይላል። ከእንቅስቃሴው 2.5 ሰከንድ በፊት ጀምሮ ግማሽ ሰከንድ በኋላ ድረስ ቁረጡ፤ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰከንድ መነሻ ዜሮ አድርጉ፤ ከ100 ማይክሮቮልት በላይ የዘለለውን፣ በአብዛኛው የዓይን ጥቅሻ ነው፣ ጣሉ። ሞገዱ ጠፋ የሚሉ ጀማሪዎች ችግር ብዙውን ጊዜ ማጣሪያው ነው። ብዙ ፕሮግራም ዝቅተኛውን ማጣሪያ 1 ኸርዝ ላይ አድርጎ ይመጣል፤ ይህ ደግሞ ዝግተኛውን የዝግጁነት ሞገድ ጠራርጎ ይወስደዋል። 0.1 ወይም ከዚያ በታች አድርጉት።

በሠንጠረዥ የሚሠራው ክፍል

አሮን ሹርገር፣ ሃኮቦ ሲትና ስታኒስላስ ደሀን በ2012 ያነሡት ጥያቄ ይህ ነው፦ ሞገዱ ውሳኔ ሳይሆን፣ አማካይ የምናወጣበት መንገድ የፈጠረው ቅርጽ ቢሆንስ? ሐሳባቸውን ቀለል ባለ መልኩ በማንኛውም የሒሳብ ሠንጠረዥ መሥራት ይቻላል።

የመጀመሪያው ሕዋስ 0.2 ይሁን። እያንዳንዱ ረድፍ የሰከንድ አንድ መቶኛ ነው። ቀጣዩ እሴት እንዲህ ይሰላል፦

አዲሱ = የቀድሞው + 0.001 − 0.005 × የቀድሞው + 0.01 × ዕጣ

ዕጣው አማካዩ 0፣ መደበኛ ልይይቱ 1 ከሆነ መደበኛ ስርጭት በየረድፉ አዲስ የሚወጣ ቁጥር ነው። 2000 ረድፍ ወደ ታች ዘርጉ፤ 20 ሰከንድ ነው። እሴቱ መጀመሪያ ከ0.3 ሲያልፍ «ተጫነ» በሉ። ልብ በሉ፤ 0.2 ላይ 0.001 እና 0.005 × 0.2 ይጠፋፋሉ። ወደ ላይ የሚገፋ ምንም ኃይል የለም። ቁጥሩ 0.2 ዙሪያ ወዲያ ወዲህ ይዋልላል እንጂ ወዴትም አይሄድም፤ የተጠራቀመ ዝግጅትም፣ የተደበቀ ውሳኔም የለበትም።

ይህን 40 ወይም 100 ጊዜ አስኪዱ። የ0.3 መስመር ከ2 ሰከንድ በፊት የታለፈባቸውንና ጭራሽ ያልታለፈባቸውን ትታችሁ፣ በቀሩት ከማለፉ በፊት ያሉትን 200 ረድፎች ቅዱና መጨረሻቸውን አገጣጥማችሁ አማካይ አውጡ። የሚወጣው መስመር ከ0.2 ወይም ከዚያ በታች ተነሥቶ ቀስ እያለ ይወጣል፣ መጨረሻው ላይ እየፈጠነ 0.3ን ይነካል። የዝግጁነት ሞገድን ምስል ላየ ሰው ቅርጹ እንግዳ አይሆንበትም። የወጣው ከየትም አይደለም፤ የመረጣችሁት መስመሩን ያለፉበትን ቅጽበቶች ብቻ ነው፣ መስመሩን ሊያልፍ የተቃረበ ነገር ደግሞ ከማለፉ በፊት ከፍ ብሎ መገኘቱ ግድ ነው። ለማረጋገጥ በዕጣ ከመረጣችሁት ረድፍ ወደ ኋላ 200 ቆጥራችሁ ያንኑ አማካይ አውጡ፤ ዳገቱ ይጠፋል።

ይህ የዝግጁነት ሞገድ እንዲሁ ጩኸት ነው ማለት አይደለም። ኢጻክ ፍሪድና ባልደረቦቹ በ2011 ለሚጥል በሽታ ሕክምና አንጎላቸው ውስጥ ኤሌክትሮድ የገባላቸውን ሕሙማን አጥንተው፣ ሰዎቹ ፍላጎቱ ተሰማን ከሚሉበት ጊዜ 700 ሚሊሰከንድ ቀድመው ከ256 ነርቮች እንቅስቃሴ መጪውን መጫን ከ80 በመቶ በላይ በሆነ ትክክለኛነት መተንበይ ችለዋል። ይህን በቸልታ ማለፍ አይገባም፤ ከማንኛውም የላፕቶፕ ሰዓት የከበደ ማስረጃ ነው። ሆኖም እነሱም የሚተነብዩት ከተጫነበት ጊዜ ወደ ኋላ ቆጥረው ነው፤ ስለዚህ ከላይ የሠራችሁት ሠንጠረዥ የእነሱም ሥራ ሲነበብ አጠገብ ይቀመጥ።

ምን ማለት ይቻላል

«አንጎል ቀድሞ ወሰነ» የሚል ርዕስ ስታዩ መጀመሪያ የግምቱን ወለል ጠይቁ። በ2008 ጆን ዲላን ሄይንስና ባልደረቦቹ ግራ ወይስ ቀኝ ቁልፍ የሚለውን እስከ 10 ሰከንድ ቀድመው ከአንጎል ምስል አነበቡ ተብሎ ብዙ ተወርቷል። ትክክለኛነቱ 60 በመቶ ገደማ ነበር፤ ሳንቲም ወርውሮ 50 ይገኛል። አዝማሚያ ተነበበ ቢባል ያስኬዳል፣ ውሳኔው ተነበበ ግን አያሰኝም።

ቀጥሎ ምን እንደተወሰነ ጠይቁ። ዩሪ ማኦዝና ባልደረቦቹ በ2019 ባሳተሙት ሥራ ተሳታፊዎች ገንዘብ ለየትኛው የበጎ አድራጎት ድርጅት እንደሚሰጥ ሲመርጡ፣ ምርጫቸው በእርግጥ ለውጥ በሚያመጣበት ጊዜ የዝግጁነት ሞገዱ ከሞላ ጎደል አልታየም፤ ምርጫው ለውጥ በማያመጣበት ጊዜ ግን ታየ። ስለዚህ ጣት ከማንሣት ወደ ጋብቻ፣ ወደ ሃይማኖት ወይም ወደ ወንጀል የሚዘል ክርክር መሐል ላይ ድልድይ የለውም። የ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 48ም ኃላፊነትን የሚያያይዘው ሰውየው በድርጊቱ ጊዜ የሥራውን ምንነትና ውጤት ከመረዳትና በዚያው መሠረት ራሱን ከመግዛት ችሎታ ጋር ነው። ሚሊሰከንድ አይጠይቅም።

ዲተርሚኒዝምን በተመለከተ ይህ ሙከራ ዝም ነው የሚለው። ሁሉ ነገር ከቀደመው ሁኔታ በግድ ይከተላል የሚለው አቋም ሞገዱ 550 ሚሊሰከንድ ቢቀድምም፣ 5 ብቻ ቢቀድምም፣ ጭራሽ ባይቀድምም አይወድቅም አይነሣም። ነጻነትና ዲተርሚኒዝም ይስማማሉ የሚሉ ፈላስፎችም ከውሳኔ በፊት የአንጎል ሥራ መኖሩ አያስጨንቃቸውም፤ ምክንያትን ማመዛዘን ራሱ የአንጎል ሥራ ነውና። የሚጎዳው ውሳኔ ከአንጎል ውጭ ሆኖ አንጎልን ይጎነትላል የሚል አመለካከት ነው። ሊቤት ራሱ ነጻ ፈቃድ የለም አላለም። ፍላጎቱ ከተሰማ በኋላ «ተው» ለማለት ከ100 እስከ 150 ሚሊሰከንድ ይቀራል፣ ፈቃድ የሚሠራው እዚያ ነው ብሎ ነበር። «ተው» የሚለውስ ከየት ይመጣል ተብሎ ሲጠየቅ የሰጠው መልስ ግን ደካማ ነው፤ ፍላጎቱ ከአንጎል ከተነሣ ማገዱም ከዚያው መነሣቱን የሚከለክል ነገር አላሳየም።

ውጤታችሁን ስትጽፉ የሚከተለው አጻጻፍ ይበቃል፦ «12 ተሳታፊዎች በ2.56 ሰከንድ ሰዓት ተጠይቀው፣ ፍላጎቱ ተሰማን ያሉበት ጊዜ ተጫንን ካሉበት ጊዜ በመካከለኛ እሴት ይህን ያህል ሚሊሰከንድ ይቀድማል፤ ከሙከራዎቹ ይህን ያህል በመቶው ላይ ምንም ፍላጎት አልተሰማንም ብለዋል፤ ከመጫን በኋላ የመጣ ድምፅ በ40 ሚሊሰከንድ ሲዘገይ የፍላጎቱ ጊዜ በዚህን ያህል ተንቀሳቅሷል።» የተጣሉትን ሙከራዎች ብዛትና ምክንያት ከሥሩ አስገቡ፤ ጥሬውን ፋይልም የተሳታፊዎቹን ስም አጥፍታችሁ ለሚጠይቅ ሁሉ ስጡ።